የአቃቂ ጣቢያ ሊቀ ጳጳስ

አቶ ወልደሚካኤልና አቶ መገርሳ በአንድ ጣቢያ እየሠሩ፣ በአንድ እድር ሰው እየቀበሩ፣ ከአንድ ቧንቧ ውሃ እያስቀዱ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ቃል አልተለዋወጡም። አቶ ወልደሚካኤል የአቃቂ ባቡር ጣቢያ ሹም ናቸው። አቶ መገርሳ ደግሞ ከአቃቂ እስከ ዱከም ያለውን ሐዲድ የሚጠግኑት ሠራተኞች አለቃ። ሐዲድ ላይ የሚውል ሰው ባቡር መቼ እንደሚመጣ ከጣቢያው ሹም መስማት አለበት፤ ካልሰማ ባቡሩ ራሱ ይነግረዋል። ስለዚህ ትኬት ቆራጯ አደሴ መካከላቸው ገባች።

«አደሴ፣ ለዚያ ሰውዬ ንገሪው፤ የጭነቱ ባቡር ዘግይቷል» ይላሉ አቶ ወልደሚካኤል፣ አቶ መገርሳ እዚያው በሩ ላይ ቆመው።

«አቶ መገርሳ፣ የጭነቱ ባቡር ዘግይቷል» ትላለች አደሴ፣ ራሷን ከመስኮቷ ሳታወጣ።

«እግዜር ይስጥልኝ በይልኝ» ይላሉ አቶ መገርሳ፤ ይሄዳሉ።

የጸቡ መነሻ የእድር ስብሰባ ነበር። የእድሩ ደንብ ተሻሽሎ ሲነበብ አቶ መገርሳ እጃቸውን አወጡና፣ «የገላን ገበሬዎች ከእኛ እኩል ያዋጣሉ፤ የሚነበበውን ግን ግማሾቹ አይሰሙትም። በኦሮምኛም ይነበብላቸው» አሉ። የእድሩ ዳኛ አቶ ወልደሚካኤል ነበሩ። ስብሰባው ረዝሞ፣ ፀሐዩ አናት በስቶ፣ ርቧቸውም ነበር። «ደንብ አንድ ነው! ለየጆሮው የሚሰፋ ደንብ የለም» ብለው ቆረጡት። አቶ መገርሳም፣ «እውነት ነው፤ ጆሮ የተሰፋው ለእናንተ ብቻ ነው» አሉ። ሰው በሳቅ ፈነዳ። አቶ ወልደሚካኤል ነገሩን ይረሱት ነበር፤ ሳቁን ግን አልረሱትም።

ከዚያ ሁለት ዓመት በኋላ፣ ሁዳዴ ሲጋመስ፣ መምህር ሮሪሳ ወደ ጣቢያው መጣ። ሮሪሳ ከገላን ገበሬ ቤት የወጣ፣ ዩኒቨርሲቲ ጨርሶ የባቡር ሠራተኞችን በማታ እንግሊዝኛ የሚያስተምር ቀጭን ወጣት ነው። ኮፍያውን አውልቆ ቆመ።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎ ነበር።»

«ትኬት ከሆነ አደሴን ጠይቃት።»

«ትኬት አይደለም። ተማሪዎቼ ለፋሲካ ቴአትር ሊያሳዩ ነው። ሊቀ ጳጳስ የሚሆን ሰው አጣሁ።»

አቶ ወልደሚካኤል ብዕራቸውን አስቀመጡ። «ቴአትር? በሁዳዴ?»

«በሁዳዴ ልምምዱን ብቻ ነው። የምናሳየው ሲፈሰክ ነው።»

«ጳጳሱስ የእኛ ነው?»

«የእንግሊዝ ነው ጋሼ። ከአምስት መቶ ዓመት በፊት የነበረ።»

«የእንግሊዝ ከሆነ ደግ» አሉ አቶ ወልደሚካኤል፤ ያን ያህል ርቆ የኖረ ጳጳስ የሳሪስ አቦን ካህናት የሚያስቀይም አልመሰላቸውም። «ግን ለምን እኔን?»

«ስለ ድምፅዎ። እርስዎ ‹ተሳፈሩ!› ሲሉ ሊሸኝ የመጣውም ሰው ተሳፍሮ ይሄዳል።»

አቶ ወልደሚካኤል እንዳይስቁ ጢማቸውን ጎተቱ። ሮሪሳ ነገሩን አስረዳቸው። ዊልያም የሚባል አንድ ሰባኪ ነበር። የጳጳሳቱ ፈቃድ ሳይኖረው አገር እየዞረ፣ በላቲን ሳይሆን ሕዝቡ በሚሰማው በእንግሊዝኛ ይሰብካል ተብሎ ተያዘና ሊቀ ጳጳሱ ፊት ቀረበ። ሁለቱ ሲከራከሩ ዋሉ። ሰባኪው የተባባሉትን ሁሉ ኋላ ራሱ ጻፈው፤ ጽሑፉም ከእጅ ወደ እጅ እየተገለበጠ እስከዛሬ ደረሰ። ሮሪሳ ዩኒቨርሲቲ ሳለ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ አግኝቶት ወደ አማርኛ መልሶታል።

«ማን ይረታል?» አሉ አቶ ወልደሚካኤል።

«እሱን እርስዎ ያዩታል።»

እሑድ ከቀትር በኋላ ለልምምድ ወደ ትምህርት ቤቱ ሲሄዱ ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ እንደ ጳጳስ ቀስ ብለው እየተራመዱ ነበር። የክፍሉን በር ከፈቱ። መነጽራቸውን በክር ጆሯቸው ላይ ያሰሩ ሰው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ወረቀት ያገላብጣሉ። አቶ መገርሳ ናቸው።

አቶ ወልደሚካኤል ወደ ሮሪሳ ዞሩ። «ለዚያ ሰውዬ ንገረው፤ ቤት ተሳስቷል።»

«ሮሪሳ ልጄ፣ ለጋሼህ ንገርልኝ» አሉ አቶ መገርሳ፣ ከወረቀቱ ቀና ሳይሉ፤ «ሰባኪው እኔ ነኝ። እኔ ቀድሜ ነው የተጠራሁት።»

ሁለቱም ለመሄድ ተነሡ። ሮሪሳ በሩ ላይ ቆመና እጆቹን ዘረጋ። «ማንም ታረቁ አላለም! ከወረቀቱ ውጭ አንዲት ቃል አትለዋወጡ። ወረቀቱ ላይ ያለውን ብቻ አንብቡ። ኩርፊያችሁ አይነካም።»

ሁለቱ ሽማግሌዎች ሐሳቡን መረመሩት። ነውር ያለበት አይመስልም።

«እንዲያ ከሆነ ይሁን» አሉ አቶ ወልደሚካኤል ለሮሪሳ።

«ይሁን በልልኝ» አሉ አቶ መገርሳ ለሮሪሳ።

ከዚያ ማንበብ ጀመሩ። አቶ ወልደሚካኤል ወረቀቱን ራቅ አድርገው ያዙና፣ «አንተ ሰው!» ብለው ሲጮኹ የክፍሉ መስኮት ተንቀጠቀጠ። «እታዘዛለሁ ብለህ ማልልኝ ስልህ፣ አንገትህን ገትረህ ማንን ነው የምታየው?» ሁለት ዓመት ያጠራቀሙት ሁሉ በዚያች «አንተ ሰው» ውስጥ ወጣ። ደስ የሚል ነገር ነበር። አቶ መገርሳም በተራቸው፣ «ጌታዬ፣ የምምልበትን ነገር ሳላውቅ ብምል፣ መሐላው የእኔ ነው ወይስ የእርስዎ?» ብለው መለሱ፤ በለሆሳስ፣ እንደ ማር በሚጣፍጥ ትሕትና፣ ይኸው ትሕትና ደግሞ አቶ ወልደሚካኤልን ይበልጥ አንገበገባቸው። እንደገና ጮኹ። ተማሪዎቹ አጨበጨቡ።

ውለው አድረው የሮሪሳ አማርኛ ጠበባቸው። የመጽሐፍ አማርኛ ነበር፤ የተጣላ ሰው እንዲያ አይናገርም። አቶ ወልደሚካኤል በልጅነታቸው አባታቸውን ተከትለው ችሎት ይውሉ ነበርና የድሮውን የበልሃ ልበልሃ ሙግት ያውቁታል። አንድ ቀን ወረቀቱን ጥለው በግራ እጃቸው ጋቢያቸውን ሰብስበው፣ በቀኛቸው አየሩን እየወጉ፣ «በል ተናገር! ሕዝቡን በማይገባው ነገር የምታውከው ለምንድን ነው?» አሉ። አቶ መገርሳም አላፈሩም። ተነሥተው፣

«ዘር በጎተራ ቢታሸግ ምን ያበቅላል፣
ቃልስ ሰው ካልሰማው ከድንጋይ በምን ይሻላል!»

ብለው መሬቱን በከዘራቸው ሲመቱ፣ አቶ ወልደሚካኤል «ወይ ግሩም!» ሊሉ አፋቸውን ከፍተው በጊዜ ዘጉት። ሮሪሳ ይህ ጽሑፉ ላይ የለም ብሎ ሊቆጣ ነበር፤ ግን እየሳቀ መጻፍ ጀመረ።

ቤት ውስጥ ደግሞ የአቶ ወልደሚካኤል ባለቤት ወይዘሮ አሰለፈች የጳጳሱን ካባ ከአሮጌ ቀይ መጋረጃ ትሰፋለች። እሳቸው ከመስተዋቱ ፊት ቆመው ሲቆጡ መርፌዋን አቁማ ትሰማለች።

«ደህና ነኝ?» ይላሉ።

«ደህና ነህ። ግን እውነቱን ልንገርህ? እኔ ሰባኪውን ነው የወደድኩት።»

«አላየሽውም እኮ!»

«ያንተን ቁጣ ሰምቼ ነው የወደድኩት። እንዲህ የሚያናድድህ ሰው መቼም አንድ እውነት ይዟል።»

አቶ ወልደሚካኤል ወረቀታቸውን ገለጡ። ሰባኪውን የሚረቱበት አንድ ቦታ ነበረ፤ እሱን ይወዱታል። ሰባኪው፣ ወደ ቅዱሳን ቦታ የሚሳለሙ ሰዎች መንገዱን በዘፈንና በዋሽንት አሳበዱት፣ ይህ ጸሎት አይደለም ሲል ይወቅሳል። ሊቀ ጳጳሱ ግን ለመንገደኛው ይቆምለታል፦ ባዶ እግሩን የሚሄድ ሰው እንቅፋት ሲመታው ዘፈን ቢያወጣ ሕመሙን ያስረሳዋል፣ ምን አጠፋ? አቶ ወልደሚካኤል በየዓመቱ ለቁልቢ ገብርኤል ሰውን በፉርጎ ሙሉ እየጫኑ ይሸኛሉ። ከአቃቂ ተነሥተው እስከ ድሬዳዋ እያጨበጨቡ፣ እየዘመሩ፣ ተቀያይመው የተሳፈሩ ጎረቤታሞች ትከሻ ለትከሻ ተደጋግፈው ሲሄዱ አይተዋል። እዚህ ቦታ ሲደርሱ ወረቀት አያስፈልጋቸውም ነበር።

«እዚህ ላይ ረትቼዋለሁ!» አሉ አንድ ቀን ለሮሪሳ፣ የባቡር መጠበቂያው አግዳሚ ላይ ተቀምጠው። «ለዚያ ሰውዬ ንገረው፤ እዚህ ላይ መልስ የለውም።»

«እኔም አነበብኩት፤ ዊልያም እዚህ ላይ ደከም ያለ ይመስለኛል» አለ ሮሪሳ።

አቶ ወልደሚካኤል ደስ ካላቸው በኋላ አንድ ነገር ከነከናቸው። «ቆይ። ይህን የጻፈው ማነው አልክ? ሰባኪው ራሱ አይደለም?»

«እሱው ነው።»

«ታዲያ የተረታበትን ለምን ጻፈው? ያ ጳጳስ ሊያስረው ነው የቆመው። ብዕሩ በእጁ ነው። ‹ጳጳሱ ዝም አለ› ብሎ ቢጽፍ ማን ያየዋል?»

«ማንም አያየውም።»

«ግን የተናገረለትን ሁሉ ጻፈለት።»

«ጻፈለት።»

አቶ ወልደሚካኤል ወደ ሮሪሳ ዞሩ። «ኋላስ ምን ሆነ? ፈቱት? ሰቀሉት?»

«አይታወቅም ጋሼ። ወደ እስር ቤት እንደመለሱት ይጽፋል፤ እዚያ ላይ ያበቃል። ጽሑፉ ከዚያ ወጥቶ ባሕር ተሻግሮ ሌላ አገር ድረስ ሄዷል። ሰውየው ግን የገባበት አይታወቅም።»

«ወረቀቱ ተርፎ ሰው ጠፋ?» አሉ አቶ ወልደሚካኤል፤ ተናደዱ ማለት ይቻላል። ከዚያ ወደ ሮሪሳ ጠጋ ብለው፣ «ንገረኝ እስቲ። ሕዝቡ በሚሰማው ቋንቋ ይነገረው የሚለው ነገር… ያን እናንተ ናችሁ የጨመራችሁበት? አንተና እሱ? የእድሩን ነገር አስባችሁ?»

ሮሪሳ ሳቁ አምልጦት ወጣ። «እርስዎ ይሙቱ ጋሼ! ሰውየው ይህን ሲጽፍ አቃቂ ባቡር የለ፣ እድር የለ!»

አቶ ወልደሚካኤል ወደ ቢሯቸው ገቡ። አቶ መገርሳ የዚያን የእድር ስብሰባ ነገር ቢጽፉት ኖሮ ምን ብለው ይጽፉት ነበር እያሉ አሰቡ። የእሳቸውን ቃል ሳያጣምሙ ይጽፉት እንደነበር ገባቸው፤ ይህ ደግሞ ተጣሞ ከመጻፍ የባሰ ነበር።

ፋሲካ ገባ። ቴአትሩ የታየው ከበዓሉ ማግስት፣ ገና ፀሐይ ሳለች፣ በጣቢያው የዕቃ መጋዘን ውስጥ ነው። የጥጥ ከረጢት ተደርድሮ መቀመጫ ሆነ። የባቡር ሠራተኛው ከነልጆቹ፣ የፋብሪካው ወዛደር ፈረቃውን ጨርሶ፣ የገላን ገበሬ በፈረስና በእግሩ መጥቶ መጋዘኑን ሞላው። ከፊት ለፊት፣ በዕድሜዋ የተነሣ ማንም ተነሺ የማይላት የገላኗ ዳሲቱ ተቀምጣለች፤ አማርኛ የማትሰማ፣ ሦስት ትውልድ የቀበረች፣ ድምፅዋ ግን ያላረጀ ባልቴት ናት። ከጎኗ ሽማግሌው አያና፣ በመላው አካባቢ ያላስታረቀው ባልና ሚስት የሌለ ሰው፣ ከዘራውን ተደግፏል።

አቶ ወልደሚካኤል በቀይ ካባና በወርቅማ ወረቀት በተለበጠ የካርቶን አክሊል ሲወጡ ሰዉ እልል አለ። አደሴ ከኋላ፣ «አቤት ጋሼ!» ስትል ተሰማቸው። አቶ መገርሳ በአሮጌ ካፖርት፣ ሁለት እጃቸው በገመድ ታስሮ ገቡ። ሴቶቹ ከንፈራቸውን መጠጡ። ክርክሩ ተጀመረ።

ገና በመጀመሪያው ላይ ዳሲቱ ጮክ ብላ፣ «ማል ጄዴ?» አለች። ምን አለ ማለቷ ነው። ሰው «ዝም በይ እማማ» አላት። ቴአትሩ ቀጠለ። አቶ ወልደሚካኤል ተቆጥተው ጠረጴዛውን በቡጢ ሲመቱ አንድ እግሩ ወልቆ ወደቀ፤ መጋዘኑ በሳቅና በጭብጨባ ተናጋ። ዳሲቱ ሰው ሁሉ የሚስቅበትን እሷ ብቻ እንዳልሰማች ገባት። አሁን ተነሥታ ቆማ፣ ወደ ቀኝም ወደ ግራም እያየች፣ «ማል ጄዴ? ማል ጄዴ?» አለች፤ ድምፅዋ እንደ ቁጣም እንደ ልመናም ነበር። ከኋላ ያሉት ገበሬዎችም አንገታቸውን ሲያሰግጉ አቶ ወልደሚካኤል ከመድረኩ ላይ በደንብ አዩዋቸው። ሳቁ ያለፋቸው ብዙ ነበሩ። በስብሰባው ጊዜ ከዳኛ ወንበር ላይ ሆነው ያላዩት እንዴት እንደሆነ ገረማቸው።

የጳጳሱን ቃል ረሱት።

«መገርሳ» አሉ፤ በጳጳሱ ድምፅ ሳይሆን በራሳቸው፤ «ንገራት እንጂ።»

ይህን ስም ከአፋቸው የሰማ ሰው ሁለት ዓመት ሙሉ አልነበረም።

አቶ መገርሳ ከመነጽራቸው በላይ አዩዋቸው። «ምኑን ልንገራት? እኔ ያልኩትን ወይስ አንተ ያልከውን?»

«ሁለቱንም። አታጣምመው ብቻ።»

«አጣምሜ አውቃለሁ?»

«አታውቅም» አሉ አቶ ወልደሚካኤል።

ከዚያ በኋላ ቴአትሩ ሁለት እጥፍ ረዘመ፤ ማንም ግን አልሰለቸም። አቶ ወልደሚካኤል አንድ ነገር ይናገራሉ፤ እጁ የታሰረው እስረኛ የአሳሪውን ቃል፣ ከነቁጣው፣ ከነአንገት መስበቁ፣ በኦሮምኛ ለገበሬዎቹ ያደርስላቸዋል። ከዚያ የራሱን መልስ በሁለቱም ይሰጣል። የመንገደኞቹ ዘፈን ጋ ሲደርሱ አቶ መገርሳ የጳጳሱን ነገር እንዲያ አሳምረው ነገሩት፤ እንቅፋት የመታው ሰው ሆነው እያነከሱ፣ እያዜሙ፣ ገበሬዎቹ እየተንከተከቱ፣ ዳሲቱም እጇን ወደ ቀዩ ካባ ዘርግታ መረቀች።

«ምን አለች?» አሉ አቶ ወልደሚካኤል ቀስ ብለው።

«እዚህ ላይ ጳጳሱ ረታህ አለችኝ።»

አቶ ወልደሚካኤል በሕይወታቸው ከተደሰቱባቸው ቀናት መካከል ያ አንዱ ነው።

በመጨረሻ ሊቀ ጳጳሱ እስረኛውን ወደ እስር ቤት የሚመልስበት ቦታ ደረሰ። አቶ ወልደሚካኤል እጃቸውን ዘርግተው፣ «ውሰዱት!» ሲሉ ሽማግሌው አያና ከዘራውን ተመርኩዞ ተነሣ።

«ቆይ! ዋስ አለው።»

«አያ አያና፣ ቴአትር ነው» አለው አንድ ወዛደር።

«ቴአትርም ቢሆን ሰው ነው። ዋስ ያለው ሰው አይታሰርም። እኔ አለሁ።»

«እኔም አለሁ!» አለ ሌላ። «እኔም!» አለች አደሴ። ወይዘሮ አሰለፈች ሳትቀር በባሏ ላይ ተነሥታ ዋስ ሆነች። ሮሪሳ ከመጋረጃው ጀርባ ራሱን ይዞ፣ «ጋሼ፣ አይፈታም! ጽሑፉ ላይ አልተፈታም!» እያለ ያንሾካሹካል።

አቶ ወልደሚካኤል ወደ መጋረጃው ጠጋ ብለው፣ «ኋላ ምን እንደሆነ አይታወቅም አላልከኝም?» አሉት።

«አይታወቅም፣ ግን…»

«ካልታወቀ ያንተ ‹ግን› ምንድን ነው?» ብለው ወደ ሕዝቡ ዞሩ። ድምፃቸውን ከሆዳቸው አወጡት። «ይህን ያህል ሕዝብ ዋስ የሆነለትን ሰው ማሰር ለእኔም ይከብደኛል። ክርክራችን አላለቀም፤ እኔም አልተረታሁም። ግን እቤቱ እያደረ ይከራከረኝ!» ብለው ገመዱን ሊፈቱ ጎንበስ አሉ። ገመዱ ተወሳስቦ አልፈታ አለ። ሁለቱ ሽማግሌዎች ራስ ለራስ ገጥመው ቋጠሮውን ሲታገሉ፣ ከሩቅ፣ ከቃሊቲ በኩል፣ የባቡር ጥሩንባ ተሰማ።

«የድሬዳዋው!» አሉ አቶ መገርሳ። «ወልደሚካኤል፣ ባቡሩ!»

ሊቀ ጳጳሱ ካባቸውን ሰብስበው ሮጡ። የጣቢያቸውን ቆብ የሚያደርጉበት ጊዜ አልነበረም። የድሬዳዋው ባቡር አቃቂ ሲቆም፣ ተሳፋሪው በየመስኮቱ አንገቱን አውጥቶ ያየው አንድ በቀይ መጋረጃ የተሸፈነ፣ የወርቅ ወረቀት አክሊል የደፋ ትልቅ ሰው ነው፤ ባንዲራ ያውለበልባል። ከኋላቸው አንድ እጁ ገና ከገመዱ ያልተፈታ እስረኛ፣ ከእሱም ኋላ የአካባቢው ሕዝብ በሙሉ እልል እያለ ይከተላል። አንዲት ተሳፋሪ ወርዳ መስቀል ልትሳለም እንደቀረበች ዛሬም ይወራል። አቶ ወልደሚካኤል፣ «እመቤት፣ እኔ የእንግሊዝ ነኝ፤ ቶሎ ተሳፈሪ» አሏት። ከዚያ «ተሳፈሩ!» ብለው ባቡሩን ሸኙ።

በሚቀጥለው የእድር ስብሰባ ደንቡ በሁለቱም ቋንቋ ተነበበ። አቶ መገርሳ ነበሩ ያነበቡት። በኦሮምኛው የሰሙት ገበሬዎች ሦስት አንቀጽ አልተስማማንም ብለው ስብሰባው እስከ ማታ ዘለቀ፤ አቶ ወልደሚካኤልም ርቧቸው ሲነጫነጩ፣ አቶ መገርሳ ከኪሳቸው ቆሎ አውጥተው በእጃቸው ላይ ዘረገፉላቸው። አደሴ መልእክት ማመላለስ ቀረላት። በእውነቱ ግን ሁለቱ ከታረቁ በኋላ የሚጮኹት ከተኮራረፉበት ጊዜ የበለጠ ስለሆነ፣ ጆሮዬ አላረፈም ትላለች።

የቴአትሩ ወሬ በባቡር ሄዶ ሞጆ ደረሰ። የሞጆ የባቡር ሠራተኞች መጥታችሁ አሳዩን ብለው ጠሯቸው። ሮሪሳ፣ አቶ ወልደሚካኤልና አቶ መገርሳ በአንድ ክፍል ተሳፍረው ሲሄዱ፣ ዱከምን እንዳለፉ አቶ ወልደሚካኤል ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«መገርሳ፣ ለሞጆዎች እስቲ እንቀያየር። አንተ ጳጳስ ሁን፣ እኔ ሰባኪው።»

«ምነው? መቆጣት ሰለቸህ?»

«አይደለም። ያ ሰው እንዴት እንዳደረገው ማየት ፈለግኩ። ሲሰደቡ ቀስ ብሎ መመለስ፣ ኋላም የሰዳቢውን ነገር ሳይቀንሱ መጻፍ። ይቻል እንደሆነ ልሞክረው።»

«እሺ» አሉ አቶ መገርሳ፤ ወገባቸውን አስተካክለው ተቀመጡ። ባቡሩ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ዞሮ እስኪያይ ድረስ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። «አንተ ሰው! አንገትህን ገትረህ ማንን ነው የምታየው?»

አቶ ወልደሚካኤል አፋቸውን ከፈቱ። ፊታቸው ቀላ። ሮሪሳ ወረቀቱን ገለጠላቸው፤ እሳቸው ግን ወረቀቱን አላዩትም።

«አንተን ነዋ የማየው…» ብለው ጀመሩና ቆሙ። በረጅሙ ተነፈሱ። ከዚያ ቀስ ብለው፣ እየታገሉ፣ «ጌታዬ…» አሉ። አቶ መገርሳ በሳቅ ፍርፍር ብለው ወንበሩን ሲደበድቡ፣ እሳቸው እጃቸውን አነሡ።

«ቆይ፣ አትሳቅ! ይኸው፣ አንድ ቃል ወጣኝ። ድገመው፣ ድገመው፤ ሞጆ እስክንደርስ ይመጣልኛል።»